ጥሬ ፑኤር ሻይ፦ ስለ አፈላሉና ስለ ጣዕሙ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም የአንባቢያን ዓምዳችን ከደቡብ ምዕራብ ቻይና ስለሚመጣው ጥሬ ፑኤር ሻይ የደረሱንን ደብዳቤዎች ያስተናግዳል። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ሻዩን ያገኙት በስጦታ ነው፤ ወይ ከቻይና ዕቃ ከሚያመጡ ነጋዴዎች፣ ወይ አብረዋቸው ከሚሠሩ ቻይናውያን። ቅሬታቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ሻዩ መራራ ነው ይላሉ። ስለዚህ ረዘም ያለውን ቦታ ለምሬቱ ሰጥተን ሌሎቹን ጥያቄዎች በየመጠናቸው እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ለንግድ ወደ ጓንዡ እመላለሳለሁ። ዕቃ የሚያቀርቡልኝ ሰው በስስ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ክብ ሆኖ የተጨመቀ ሻይ በስጦታ ሰጡኝ። ባለቤቴ ቆርሳ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አፈላችው። ስኳር ብንጨምርበትም እንደ መድኃኒት መረረን። ሻዩ ተበላሽቶ ነው ወይስ አፈላሉን አላወቅንበትም? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሻዩ አልተበላሸም። ከገለጻዎ እንደምንረዳው የተሰጥዎ በዩናን ክፍለ ሀገር ከሚበቅለው ባለ ትልቅ ቅጠል የሻይ ዝርያ የተሠራ ፑኤር ነው፤ ምሬቱን ስናይ ደግሞ ጥሬው፣ ቻይናውያን ሸንግ የሚሉት፣ ምናልባትም ከተሠራ ብዙ ዓመት ያልሞላው ይመስላል። ይህን ሻይ በማንቆርቆሪያ ለደቂቃዎች ማንተክተክ ማለት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ምሬት በሙሉ በአንድ ጊዜ አውጥቶ መጠጣት ማለት ነው። ቀረፋውም ስኳሩም ሊሸፍኑት አይችሉም።

ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ተሰጥቶ ይጠወልጋል፣ ከዚያም በሰፊ የብረት ምጣድ እየተገላበጠ ይታመሳል፣ ታሽቶም በፀሐይ ይደርቃል። የመታመሱ ዓላማ ቅጠሉ እንዳይጠቁር ማድረግ ነው፤ ሆኖም የምጣዱ ሙቀት ለሌሎች አረንጓዴ ሻዮች ከሚሰጠው ለዘብ ያለ ስለሆነና ማድረቁም በምድጃ ሳይሆን በፀሐይ ስለሚከናወን፣ ቅጠሉ ከዓመታት በኋላም ቀስ በቀስ መለወጡን ይቀጥላል። በመጨረሻ በእንፋሎት ለስልሶ በጨርቅ ከረጢት ይገባና በከባድ ድንጋይ ተጭኖ የቂጣ ቅርጽ ይይዛል። የእርስዎን ቂጣ ገልብጠው ቢያዩት ከጀርባው መሃል ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ያገኛሉ፤ የከረጢቱ አፍ የተቋጠረበት ምልክት ነው። የተለመደው የቂጣ ክብደት 357 ግራም ሲሆን፣ ሰባቱ በአንድ ላይ በቀርከሃ ልባስ ታስረው ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናሉ።

ምሬቱ የሚመጣው በዋናነት ከካፌይንና ካቴኪን ከሚባሉት የቅጠሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ሁለቱም በለጋ ቅጠልና በእምቡጥ ላይ ይበዛሉ፤ ሁለቱም ውሃው በሞቀና ቅጠሉ ውስጡ በቆየ መጠን እየጨመሩ ይወጣሉ። የዩናን ሰዎች ይህን የሚመክቱት ውሃውን በማቀዝቀዝ ወይም ስኳር በመጨመር ሳይሆን ጊዜውን በማሳጠር ነው። ብዙ ቅጠል፣ ጥቂት ውሃ፣ ጥቂት ሰከንድ፤ ከዚያም ያንኑ ቅጠል ደጋግሞ ማፍላት። ይህ ከእኛ የሻይ ልማድ ጋር የማይገናኝ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ቁንጥር ስምንትና አሥር ዙር ስለሚፈላ በስሌት ሲታይ ከተራው ሻይ ብዙም የበለጠ ቅጠል አይፈጅም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቂጣውን በእጅ መቁረስ ቅጠሉን ይሰባብረዋል፤ የተሰባበረ ቅጠል ደግሞ ከሙሉው ይልቅ በፍጥነት ይመራል። ስለታም ያልሆነ ቀጭን ቢላ ወይም ወፍራም ወስፌ ከቂጣው ጠርዝ በአግድም አስገብተው፣ ጫፉን ከያዘው እጅዎ በተቃራኒ አቅጣጫ አድርገው፣ በቀስታ ፈንቀል ያድርጉት፤ ቅጠሉ ንብርብር ሆኖ ይለቃል። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 6 ግራም ይመዝኑ። ቻይናውያን የሚጠቀሙበት ጋይዋን የተባለው ባለ ክዳን የሸክላ ጎድጓዳ ነው፤ ከሌለዎት ትንሽ የሻይ ጀበና ወይም ማንኛውም ወፍራም ኩባያና ጥሩ ማጥለያ ሥራውን ይሠራል። ለመጠጫ ግን ከእኛ እጀታ አልባ የቡና ሲኒ የተሻለ አያስፈልግዎትም፤ መጠኑ ልክ ነው።

ዕቃውን በፈላ ውሃ አሙቀው ይድፉት። ቅጠሉን ጨምረው የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይህን የመጀመሪያ ውሃ ሳይጠጡ ይድፉት፤ አቧራውን ያጥባል፣ የተጨመቀውንም ቅጠል መፍታት ይጀምራል። ከዚያ ለሦስት ዙር ያህል ከአምስት እስከ ስምንት ሰከንድ ብቻ እያቆዩ ሙሉ በሙሉ ያጥልሉ። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ በየዙሩ አምስት አምስት ሰከንድ ይጨምሩ፤ ወደ መጨረሻው አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ማቆየት ይችላሉ። በዙሮቹ መካከል በዕቃው ውስጥ ውሃ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። «በልኩ አፍልቼው መረረኝ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከታች የቀረችው ሩብ ሲኒ ውሃ ሌላው እስኪጠጣ ድረስ እየመረረች ትቆይና ቀጣዩን ዙር ታበላሻለች።

ይህ ሁሉ ለሥራ ቀን የማይመች ከሆነ፣ 3 ግራም ቅጠል በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ለሁለት ደቂቃ አቆይቶ ማጥለል የሚጠጣ ሻይ ይሰጣል። ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ግን ለሌላ ሻይ ቢያቆዩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በመንገድ ሥራ ከቻይናውያን መሐንዲሶች ጋር እሠራለሁ። ለፑኤር 100 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ያስፈልጋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በአዲስ አበባ ግን ውሃ ከዚያ በታች ይፈላል። ታዲያ እዚህ ሆኖ በትክክል ማፍላት ይቻላል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትክክል ብለዋል፤ ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ ነጥብ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በ2,400 ሜትር አካባቢ በሚገኙት የአዲስ አበባ ሠፈሮች ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ እንጦጦ ላይ ከዚያም ያንሳል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ 96 ያህል ይደርሳል። ይሁን እንጂ የዩናን ዋና ከተማ ኩንሚንግ ራሷ በ1,900 ሜትር ግድም ስለምትገኝ ነዋሪዎቿ ፑኤራቸውን የሚያፈሉት በ94 ዲግሪ ውሃ ነው። አንድ መቶ ዲግሪ የሚለው ምክር የመጣው በባሕር ጠረፍ ካሉት ከጓንዡና ከሆንግ ኮንግ ጠጪዎች ይመስለኛል።

እንዲያውም ለወጣት ጥሬ ፑኤር የአዲስ አበባ ከፍታ ይጠቅማል። ከፈላው ውሃ በቀጥታ ቢቀዱ እንኳ ውሃው ምሬቱን ለዘብ ለማድረግ በባሕር ጠረፍ ያሉ ሰዎች ሆን ብለው ከሚያቀዘቅዙት ውሃ ብዙም አይርቅም። ችግር የሚፈጠረው በአሮጌውና በጣም በተጨመቀው ሻይ ላይ ነው፤ እሱ በጣም የሞቀ ውሃ ካላገኘው አይከፈትም። መፍትሔው ሙቀት እንዳይባክን ማድረግ ነው፦ ዕቃውን ከአንዴም ሁለቴ በፈላ ውሃ ያሙቁት፣ ማንቆርቆሪያው ከእሳት ላይ እንዳለ ይቅዱ፣ የመጀመሪያውን ማጠቢያ ውሃ ከአምስት ወደ አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰከንድ ያራዝሙ፣ ከደፉት በኋላም ክዳኑን ከድነው ቅጠሉ በራሱ እንፋሎት ለአንድ ደቂቃ ያህል እንዲፈታ ይተዉት። ቀዝቃዛ የሸክላ ዕቃ ብቻውን የውሃውን ሙቀት በበርካታ ዲግሪ ሊያወርደው ይችላል፤ ከከፍታው ይልቅ የሚጎዳዎት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ጥሬ ፑኤር ገዛሁ፤ አንዱ የሦስት ዓመት፣ ሌላው የአሥራ አምስት ዓመት ነው ተብሏል። ዋጋቸው በጣም ይለያያል። ስቀምሳቸው ምን ልፈልግ? ዕድሜውስ እውነት መሆኑን በጣዕም መለየት ይቻላል? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ በተለያየ ቀን አይቅመሷቸው። ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ፣ እኩል የተመዘነ ቅጠል፣ አንድ ዓይነት ውሃና እኩል ጊዜ ያዘጋጁና ጎን ለጎን ያፍሏቸው።

አንድ የሙያ ዘዴም እንጨምርልዎት። አይ.ኤስ.ኦ 3103 የተባለው እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ለሻይ ቀማሾች 2 ግራም ቅጠል በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ለስድስት ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። በዚህ መንገድ የተፈላ ሻይ አይጣፍጥም፤ የታሰበውም እንዲጣፍጥ ሳይሆን ሻዮችን በእኩል ሁኔታ ለማወዳደር ነው። ለገዢ ግን ትልቅ ጥቅም አለው፤ አጭሩ አፈላል የሚደብቀውን ጭስ፣ ሻጋታና ኮምጣጣነት ስድስት ደቂቃው ይፋ ያወጣዋል። ውድ ሻይ ከመግዛቴ በፊት ናሙናውን በመጀመሪያ እንዲህ አሠቃይቼ፣ ከዚያ በአጭር ዙር አፍልቼ እፈርዳለሁ።

በአፍ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይተው ይያዙ። አንደኛው ምሬት ነው፤ ምላስ የሚቀምሰው ጣዕም ነው። ሁለተኛው ማኮማተር ነው፤ ያልበሰለ ሙዝ ሲነከስ አፍን እንደሚይዘው ያለ ስሜት ሲሆን፣ የሚመጣውም ካቴኪንን የመሰለው የቅጠሉ ታኒን ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ነው። ጀማሪ ጠጪ ሁለቱንም «መረረኝ» ብሎ ያልፋል። በጥሩ ጥሬ ፑኤር ምሬቱ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ምን ያህል መረረ ሳይሆን ምን ያህል ቆየ የሚለው ነው። ከዋጡ በኋላ ዝም ብለው እስትንፋስዎን በአፍንጫዎ ያውጡና ይጠብቁ። ምሬቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተፈትቶ ከጉሮሮ ወደ ላይ ጣፋጭነት ከተመለሰ፣ ከምላስ ሥርም ምራቅ ከመነጨ፣ ቻይናውያን ሁዊጋን የሚሉትን አገኙት። ምሬቱ ምላስዎ ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ማኮማተሩም ጥርስና ድድ ላይ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ቅጠሉ ደካማ ነው ወይም በጥድፊያ የተሠራ ነው።

ሻዩ የሚመጣባቸው የዩናን መንደሮችና ተራሮችም በዚህ ይለያያሉ። ከሜኮንግ ወንዝ ምሥራቅ ያለው የዪዉ ሻይ ለስላሳና ማር ማር የሚል ነው ይባላል። ከቡላንግ ተራራ የሚመጣው፣ ዝነኛውን የላኦ ባንዣንግ መንደር ሻይ ጨምሮ፣ በኃይል መርሮ በፍጥነት ይጣፍጣል። የጂንግማይ ደግሞ በአበባ መዓዛው ይታወቃል፤ የዚህ ተራራ ጥንታዊ የሻይ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የኔ ምርጫ ምሬቱን የማይደብቀው የቡላንግ ሻይ ነው፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠጣ እንግዳ የምቀዳው ዪዉን ነው።

ወደ ዕድሜው ስንመጣ፣ የሦስት ዓመቱ ሻይ ቀለም ከገለባ ቢጫ እስከ ወርቃማ፣ የአሥራ አምስቱ ደግሞ ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ቡናማ ይጠበቃል። ካቴኪኑ በዓመታት ውስጥ ስለሚቀንስ ማኮማተሩ ይለዝባል፤ የትኩስ ሣርና የአበባ መዓዛው ወደ አሮጌ እንጨት፣ ወደ ካምፎር (ከዛፍ የሚገኝ ብርቱ ሽታ ያለው ነገር) እና ወደ ደረቅ ፍራፍሬ ይዞራል። ነገር ግን በጣዕም ብቻ ዓመቱን በትክክል መናገር አይቻልም። የለውጡ ፍጥነት በማከማቻው ይወሰናልና፤ በደረቁ ኩንሚንግ አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ቂጣ በእርጥቡ ሆንግ ኮንግ ሰባት ስምንት ዓመት ከቆየው ወጣት ሊመስል ይችላል። ይህን የሚያውቅ አታላይ ደግሞ ወጣቱን ሻይ በእርጥብ ክፍል አስቀምጦ «ያስረጀዋል»። እንዲህ ያለው ሻይ ቀለሙ ቢጠቁርም የምድር ቤት ሽታ ይኖረዋል፣ ጉሮሮንም ያደርቃል።

በመጨረሻ የፈላውን ቅጠል በነጭ ሳህን ላይ አውጥተው ይዘርጉት። በጣዕም ከምናገኘው ያልተናነሰ ማስረጃ እዚህ አለ። የወጣቱ ቅጠል ወይራ አረንጓዴ ሆኖ፣ በጣት ሲያሹት ሳይፈርስ መለጠጥ አለበት። ጠርዙ ላይ የተቃጠሉ ጥቁር ነጥቦች ካሉ የምጣዱ እሳት በዝቶ ነበር፤ የጭስ ጣዕም ቀምሰው ከሆነ ምንጩን አገኙት ማለት ነው። ሙሉው ቅጠል እኩል የቀላ ከሆነ ከመታመሱ በፊት ብዙ ቆይቷል፤ እንዲህ ያለው ሻይ ዛሬ ጣፋጭ ቢሆንም ለማቆየት አይመረጥም። አረጀ የተባለው ሻይ ደግሞ ቅጠሉ ደርቆ እንደ ከሰል ከጠቆረና በውሃ ውስጥ ካልተዘረጋ፣ ጥሬ መሆኑንም ይጠራጠሩ።

ጥያቄ፦ ጥሬውና የበሰለው ፑኤር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ጥሬው ሲያረጅ የበሰለውን ይሆናል? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይሆንም። የበሰለው ሻይ ጥሬው በአሥርተ ዓመታት የሚያገኘውን ልስላሴ በሳምንታት ለማግኘት የተፈጠረ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1973 በኩንሚንግ የሻይ ፋብሪካ ተሠራ፤ በፀሐይ የደረቀው ቅጠል በትልቁ ተከምሮ፣ ውሃ ተረጭቶበትና ተሸፍኖ በራሱ ሙቀት ይብላላል፤ በየጊዜውም ይገለበጣል። ውጤቱ ጥቁር፣ ወፍራምና ምሬት የሌለው ሻይ ነው። ያረጀ ጥሬ ወደዚያ ቢቀርብም የራሱን ስለት አይለቅም። በጥቅሎች ላይ የሚያዩዋቸው አራት አሃዞችም ትርጉም አላቸው፤ ለምሳሌ 7542 በዩናን የሚገኘው የመንግሃይ የሻይ ፋብሪካ ታዋቂ ጥሬ ሻይ ሲሆን፣ 75 የቅመራው ዓመት፣ 4 የቅጠሉ ደረጃ፣ 2 ደግሞ የፋብሪካው መለያ ነው። ሻዩ የተመረተበትን ዓመት አያመለክትም፤ በዚህ ብዙ ገዢ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ቂጣ ቂጣውን እየገዛሁ ለማስረጀት አስቤአለሁ፤ ዋጋውም እየጨመረ ይሄዳል ይባላል። ቤቴ ግን ቀን ከሌት አየር ማቀዝቀዣ ይሠራል። የት ላስቀምጠው? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ጥሬ ፑኤር ለመለወጥ ጥቂት እርጥበት፣ ጥቂት ሙቀትና የማይነቃነቅ አየር ይፈልጋል። ከ60 እስከ 70 በመቶ ያለው የአየር እርጥበት ተስማሚ ነው፤ ከ75 በመቶ ሲያልፍ የሻጋታ ስጋት ይጀምራል፣ ከ50 በታች ሲወርድ ደግሞ ሻዩ ይደርቃል እንጂ አያረጅም። በእርስዎ ዘንድ ውጭው በበጋ እርጥብ፣ ውስጡ ግን በማቀዝቀዣው ምክንያት ደረቅ ስለሚሆን ክፍት መደርደሪያ አይስማማም። ሽታ የሌለው ጠንካራ ካርቶን ወይም ውስጡ ያልተቀባ የሸክላ ገንቦ ይፈልጉ፣ ቂጣዎቹን በወረቀታቸው እንደተጠቀለሉ አቀራርበው ይደርድሩ፣ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ከውስጥ ያስቀምጡ። ማቀዝቀዣው ፊት ለፊትና ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት አጠገብ አይሁን። ፍሪጅ ውስጥ የሚያስገቡም አሉ፤ ያ ሻዩን ከማቆየት ይልቅ የምግብ ሽታ ያስጠጣዋል።

ስለ ሽታ ካነሣን፣ ይህ ምክር በተለይ ለአገር ቤት አንባቢዎቻችን ነው። ሻይ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። በርበሬና ሚጥሚጣ ካለበት ቁም ሣጥን፣ ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ይራቅ። ዕጣን የጠጣ ፑኤር ከዓመት በኋላም ያስታውቃል።

ትርፍ ፈልገው ከሆነ ግን አይግዙ። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ የፑኤር ዋጋ በግምት ንግድ ሰማይ ከነካ በኋላ በዚያው ዓመት ተንኮታኩቶ ብዙ ነጋዴና ገበሬ አክስሯል። በተጨማሪ፣ እንደ ላኦ ባንዣንግ ባሉ ዝነኛ መንደሮች ስም በዓለም የሚሸጠው ሻይ መንደሩ ሊያመርት ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። በወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ስም ሳይሆን አፍልተው ለቀመሱት ሻይ ይክፈሉ፤ ዛሬ የማይወዱትንም ሻይ ሲያረጅ እወደው ይሆናል ብለው አያከማቹ።

ጥያቄ፦ ፑኤር ክብደት ይቀንሳል፣ ቅባት ያጥባል ሲሉ ሰምቼ ጀመርኩ። ባዶ ሆዴን ስጠጣው ግን ያቅለሸልሸኛል፣ ጨጓራዬንም ይነካኛል። ልቀጥል? (አንባቢ፣ ከመቐለ)

መልስ፦ በባዶ ሆድ አይቀጥሉ። ወጣት ጥሬ ፑኤር በካፌይንና በካቴኪን የበለጸገ ስለሆነ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ብዙ ሰው ያቅለሸልሸዋል፤ አንዳንዱን ያንቀጠቅጠዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አንባቢዎች በመጀመሪያ እህል ቀምሰው ቆየት ብለው እንዲጠጡት እንመክራለን። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው የበሰለውን ፑኤር ቢመርጥ ይቀለዋል፤ ሕመሙ ከጸና ግን ነገሩ የሐኪም እንጂ የሻይ ጉዳይ አይደለም።

ክብደት ስለ መቀነስ የሚነገረውን ለሻጮቹ እንተውላቸው። ይልቁንም ብዙ የማይነገር አንድ እውነታ አለ፤ ማንኛውም ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነታችን ከእህልና ከአትክልት የሚወስደውን የብረት መጠን ይቀንሳል። ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎችና እርጉዞች ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው ቢጠጡት ይሻላል። ምሽት ላይ መጠጣትም እንቅልፍ ያሳጣል፤ ቡና በማታ የማይስማማው ሰው ይህም አይስማማውም።

ጥያቄ፦ ሻዩን እንደታዘዝኩት አፈላሁት፤ ግን ጥቁርና ድፍርስ ሆኖ፣ መዓዛ የሌለው፣ ከላዩም ስስ ቅባት የመሰለ ነገር የያዘ ሆነብኝ። (አንባቢ፣ ከዝዋይ)

መልስ፦ ውሃውን ይለውጡ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔትና ሌሎች ማዕድናት ይበዙበታል፤ እንዲህ ያለ ውሃ የሻይን ቀለም ያጠቁራል፣ መዓዛውን ያፍናል፣ ከላይ የታየዎትንም ስስ ልባስ ይፈጥራል። ማፍላቱ ብዙም አይረዳም። በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው የማዕድን መጠን ዝቅተኛ የሆነውን የታሸገ ውሃ ይፈልጉ፣ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውሃ ካለዎት በአግባቡ አጥልለውና አፍልተው ይሞክሩት። ፍጹም ማዕድን የሌለው የባትሪ ውሃ ግን ለመጠጥ የተዘጋጀ ስላልሆነ እንዳይነኩት።

ጥያቄ፦ በአገራችንም በውሽውሽና በጉመሮ ሻይ ይበቅላል። የኛን ሻይ ጨምቀን ብናስቀምጠው ፑኤር ይሆናል? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ከሱቅ የሚገዙት የውሽውሽ ሻይ ጥቁር ሻይ ነው። ቅጠሉ ከመድረቁ በፊት በአየር ተለውጦ ስላለቀ፣ ቢጨመቅና አሥር ዓመት ቢቀመጥ ያረጀ ጥቁር ሻይ ከመሆን አያልፍም። ትኩስ ቅጠል ቢያገኙና አጠውልገው፣ በምጣድ አምሰው፣ አሽተው በፀሐይ ቢያደርቁት ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ የፑኤር ጥሬ ዕቃ የሚሠራውም በዚህ መንገድ ነው። ምጣዱ ከቅመምና ከዘይት የጸዳ ይሁን፣ ቅጠሉንም ለስልሶ የሣር ሽታው እስኪለቅ ድረስ ሳያቋርጡ ያገላብጡት፤ ግንዱ ሲታጠፍ ካልተሰበረ በቂ ነው። ስሙን ግን ፑኤር ብለው ለገበያ ማቅረብ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቻይና ብሔራዊ ደረጃ በዩናን ውስጥ በተወሰኑ አካባቢዎች፣ ከዚያው ከባለ ትልቅ ቅጠሉ ዝርያ፣ በፀሐይ ደርቆ የተሠራውን ብቻ ፑኤር ብሎ ይጠራል፤ ከድንበሩ ማዶ በላኦስና በቬትናም በተመሳሳይ ዘዴ የሚሠሩትም በዚህ ደረጃ መሠረት በስሙ አይጠሩም። ቅጠሉን አግኝተው ከሞከሩት፣ ከማስረጀትዎ በፊት ጥቂቱን በአጭር ዙር አፍልተው ይቅመሱት፤ ምሬቱ ቶሎ የሚፈታ ከሆነ ቀሪውን በሸክላ ገንቦ ቢያስቀምጡት አይቆጭዎትም።